ጥለት ያለው ጣረ ሞት

ባለቤቴ ነርስ ናት። ሐሙስ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ማታ ወደ ሌሊት ሥራዋ ስትሄድ በፍሪጁ በር ላይ አንዲት ወረቀት ለጥፋልኝ ወጣች። በወረቀቷ ላይ ለማግስቱ ሃሎዊን ከልጆቹ ጋር የምሠራቸው አራት ነገሮች ተዘርዝረዋል፤ ፊት የተቀረጸለት ዱባ፣ ከጨርቅና ከኮላ የሚሠራ ጣረ ሞት፣ ከሙዝ የሚሠሩ ትናንሽ ጣረ ሞቶች እና ከመንደሪን የሚሠሩ ትናንሽ ዱባዎች። ከግርጌው «ሁሉም ቀላል ናቸው፤ ቪዲዮው 15 ደቂቃ ይበቃል ይላል» የሚል ማጽናኛ ተጨምሮበታል። ቪዲዮውን እኔም አይቼዋለሁ። የምታሠለጥነው ሴት ነጭ ሹራብ ለብሳ ነበር፤ ስትጨርስም ሹራቡ ነጭ እንደሆነ ነው፤ ልጆቿም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ እንኳ አልተደባደቡም። ይህ ብቻውን ሊያስጠነቅቀኝ ይገባ ነበር።

የምንኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሴቷ ልጄ 8፣ ወንዱ 5 ዓመታቸው ሲሆን፣ በዚያ ሰሞን ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና አሥር ቀን የሆናት እናቴም አብራን ነበረች። እናቴ በመጣች በሁለተኛው ቀን ከጎረቤታችን ሣር ላይ የተተከሉትን ሰው ሠራሽ የመቃብር ድንጋዮችና ከበረንዳው ጣሪያ ጋር የሚተካከለውን አጽም አይታ፣ «እዚህ ቤት ለቅሶ አለ፤ ሳንደርሳቸው እንዴት ዝም ብለን እንቀመጣለን?» ብላ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለመውጣት ተዘጋጅታ ነበር። ለቅሶ ሳይሆን በዓል መሆኑን፣ በዓሉም በምዕራባውያኑ ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳን ሁሉ መታሰቢያ ዋዜማ እንደሆነና ስሙም ከዚያው ከዋዜማው የመጣ መሆኑን አስረዳኋት። በጥሞና ካዳመጠችኝ በኋላ፣ «ዋዜማው እንዲህ ከሆነ በዓሉስ ምን ሊመስል ነው?» አለችኝ። በማግስቱ ሰው ሁሉ የተረፈውን ከረሜላ እየበላ ወደ መደበኛ ኑሮው እንደሚመለስ ብነግራት ሌላ ጥያቄ ስለሚያስከትልብኝ ዝም አልኩ።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን የቀኑ ነገር ነው። ሃሎዊን የሚውልበት ኦክቶበር 31 ከአራት ዓመት አንዴ ካልሆነ በቀር ጥቅምት 21 ላይ ይውላል፤ 21 ደግሞ ማርያም ናት። ያን ዓመት በዚያ ላይ ዓርብ ሆነ። በዚያ ላይ እናቴ ጾመ ጽጌን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 አንድም ቀን ሳትገድፍ ትጾማለች። እንግዲህ አጽሙና ጣረ ሞቱ ቤቴ የሚገቡት በማርያም ዕለት፣ በዓርብ፣ በጽጌ ጾም መሆኑ ነው።

ሥራውን የጀመርነው በዱባው ነው። ልጆቹ የእነሱን ያህል የሚመዝን ዱባ መርጠው ስለነበር ከጠረጴዛው ላይ ያወጣሁት ወገቤን ይዤ ነው። ክዳኑ የሚቆረጠው ቢላዋውን ወደ ውስጥ አጋድሞ እንደሆነ፣ አለዚያ ክዳኑ የሚያርፍበት ጠርዝ እንደማይኖረው ያወቅሁት ቀጥ አድርጌ ቆርጬ ክዳኑ ሆዱ ውስጥ ዘው ካለ በኋላ ነው። ልጄ ስድስት ጥርስ ያለው ፊት በእርሳስ ሥላልኝ ነበር። አምስቱ በየተራ ከቢላዋው ጋር ወጡ፤ የቀረው አንድ ጥርስ ያለው ዱባ ቁርጥ የድሮ ሰፈራችንን የዕድር ዳኛ መሰለ። እናቴም ገና ስታየው፣ «ነፍሳቸውን ይማርና እሳቸውን አስመሰላችኋቸው» አለች።

አየርላንዶች ድሮ ፊት የሚቀርጹት ከመሬት ተቆፍሮ በሚወጣ፣ ቀይ ሥር በሚያህል አትክልት ላይ እንደነበርና አሜሪካ ከመጡ በኋላ ትልቁንና ለቢላዋ የሚመቸውን ዱባ እንደተኩበት ለልጆቹ ሳወራ፣ እናቴ ከወዲያ በኩል ሰምታ፣ «ዱባ ይላጣል፣ ይወጠወጣል፤ ዓይን የሚወጣለት ምን አድርጎ ነው?» አለች። ከዚያም ያወጣሁትን ገለባና ፍሬ ከቆሻሻ ቅርጫቱ አፍ ላይ ቀምታ ወሰደች። ፍሬውን ከገለባው ለይታ፣ አጥባ፣ በፎጣ አድርቃ፣ ጨው ነስንሳ በመጥበሻ ቆላችው። ከዚያ ምሽት ሥራዎች ሁሉ እንደታሰበው የሆነው ይህ ቆሎ ብቻ ነው፤ በወረቀቱ ላይ ግን አልነበረም። ከዱባው ሥጋ ፍቃ ያወጣችውን ወጥ ለመሥራትም ሞክራለች። ለመቅረጽ የሚሸጠው ዱባ ለጌጥ እንጂ ለድስት የተመረጠ ባለመሆኑ ውሃው አልቆም ሲላት፣ «ይህማ የዱባ ልብስ የለበሰ ውሃ ነው» ብላ ተወችው።

እኔ ከጥርሶቹ ጋር ስታገል ሴቷ ልጄ ወደ ጣረ ሞቱ አለፈች። እዚህ ላይ ስለ ቃሉ ትንሽ ልበል። ልጆቹ «ጎስት» ነው የሚሉት። እናቴ ባለችበት ቤት ግን «መንፈስ እየሠራን ነው» ብሎ መናገር የሚያመጣውን መዘዝ ስለማውቅ፣ ሳወጣ ሳወርድ ቆይቼ «ጣረ ሞት» በሚለው ረጋሁ፤ እሱም ቢሆን እስከዚህ የሚያኮራ ምርጫ አይደለም። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ነጭ ኮላ ከዚያው መጠን ካለው ለብ ያለ ውሃ ጋር ይቀላቀላል፣ በጠርሙስ አንገት ላይ የተነፋ ፊኛ ይቀመጣል፣ ለእጆቹ ሽቦ ይታጠፋል፣ ከዚያ አይብ የሚጠለልበት ዓይነት ስስ ነጭ ጨርቅ ኮላው ውስጥ ተነክሮ ከላይ ይለበሳል። ሌሊቱን ሲደርቅ ፊኛው ይፈነዳና ጨርቁ ባዶውን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ኮላውን ገዝቻለሁ፤ ፊኛውን ገዝቻለሁ፤ ጨርቁን ረስቻለሁ።

«አባዬ፣ ጨርቁ የለም» አለችኝ።

ዓይኔን ከአራተኛው ጥርስ ላይ ሳላነሣ፣ «ቤት ውስጥ ስስ የሆነ ነጭ ጨርቅ ፈልጊ» አልኳት። ጥቂት ቆይታ «አገኘሁ» ስትል፣ አሁንም ሳልዞር «ጎበዝ!» አልኳት። ከአንድ ሐበሻ ቤት፣ ያውም አያት ከመጣችበት ቤት፣ ስስ ነጭ ጨርቅ ሲፈለግ ምን እንደሚገኝ ለማሰብ የተማረ ሰው መሆን አያስፈልግም፤ እኔ ግን ተምሬም አላሰብኩም።

ዞር ስል ጣረ ሞቱ በሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። እውነት ለመናገር እጅግ አምሮ ነበር። ትከሻው ወረድ ብሏል፣ እጆቹ ተዘርግተዋል፣ ከጥቁር ወረቀት የተቆረጡ ሁለት ክብ ዓይኖች ተለጥፈውለታል። ካየኋቸው ጣረ ሞቶች ሁሉ የሚለየው ግን ከግርጌው ዙሪያውን አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት ያለው መሆኑ ነው። እናቴ ለነገው ቅዳሴ ያዘጋጀችው አዲሱ ነጠላ ነበር፤ ኮላው ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠጥቶታል። እሷ የሰዓት ለውጡ ስላልለቀቃት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ተኝታለች። ልጆቹን አስተኝቼ፣ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ጠብቄ፣ ነጠላውን በድብቅ አጥቤ በማድረቂያ ማሽን አድርቄ ከነበረበት ልመልሰው ወሰንኩ። ኮላው በውሃ የሚለቅ መሆኑ በጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ልጆቹ እስኪተኙ ድረስ ብዬ ሶፋው ላይ ለአፍታ ጋደም አልኩ።

ስነቃ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። በአዲስ አበባ ረፋድ 4 ሰዓት ስለሆነ እናቴ እንደ ልማዷ ተነሥታለች። ሳሎኑ ውስጥ ያለው ብርሃን ልጆቹ ዱባው ውስጥ የተዉት የባትሪ ሻማ ብቻ ነው፤ እሱም በአንዱ ጥርስ በኩል ወጥቶ ጣረ ሞቱን ከታች ወደ ላይ ያበራዋል። እናቴ ከበሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጮኸችም። ቀስ ብላ ተመለሰችና ከሻንጣዋ የእንጦጦ ማርያምን ጸበል የያዘችበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ መጣች። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» እያለች ሦስት ጊዜ ረጨችው፤ አረጫጨቷም የቁጠባ አልነበረም።

አሁን የምነግራችሁን ነገር የሚያስረዳ ቀላል ምክንያት አለ። ልጄ የፊኛውን ድምፅ ለመስማት ስለቸኮለች ከመተኛቷ በፊት በመርፌ አፈንድታዋለች፤ ስለዚህ ጨርቁን ያቆመው ገና በቅጡ ያልጠነከረው ኮላ ብቻ ነበር። ኮላው ደግሞ ውሃ ሲያገኝ ይለሰልሳል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሆኖም ጣረ ሞቱ በጨለማው ውስጥ መጀመሪያ አንገቱን ሲደፋ፣ ቀጥሎ ትከሻውን ሲያጎነብስ፣ በመጨረሻም ወገቡ ተሰብሮ በግንባሩ ጠረጴዛው ላይ ሲሰግድ፣ እኔም ከሶፋው ላይ ሆኜ አማተብኩ። ከዚያ በኋላ ማድረግ የሚገባኝ ተነሥቶ እውነቱን መናገር ነበር። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መሰልኩ።

ጠዋት ልነቃ ስል እናቴ በስልክ ለታናሽ እኅቷ ስታወራ ሰማኋት፤ «ጠላት ነጠላዬን ለብሶ ቆሞ አገኘሁት፤ የእመቤቴ ጸበል ሲነካው ወደቀ» ትላለች። ጠረጴዛው ተወልውሏል፤ ነጠላው የለም። ሁለቱ ጥቁር የወረቀት ዓይኖች ፍሪጁ ላይ፣ «ሁሉም ቀላል ናቸው» ከሚለው ጽሑፍ በላይ ተለጥፈዋል። ትንሹ ልጅ የለጠፋቸው መስሎኝ አለፍኩ።

«ልጄ፣ ሌሊት የሆነውን ሰምተሃል?» አለችኝ።

«አልሰማሁም እማዬ፤ ምን ሆነ?» አልኳት።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችኝ። እኔም በየቦታው «ይገርማል!» እያልኩ አገዝኳት። ጠላት ቤቴን የደፈረው ቤተ ክርስቲያን መሄድ በማቆሜ እንደሆነ ገልጻልኝ፣ ለዚያ ቀን ፈቃድ ወስጄ ማርያምን እንዳስቀድሳት፣ ቀኑን ሙሉ እንድጾም፣ ማታም 40 ስግደት እንድሰግድ አዘዘችኝ። ውሸቴን ላለማጋለጥ ስል ሁሉንም ፈጸምኩ። በቅዳሴው ላይ አሮጌውን ነጠላዋን ለብሳ ከፊቴ ቆማ ነበር፤ አንድ ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየችኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሙዙ ተመለስን። ሙዝ ከመካከሉ ለሁለት ተቆርጦ ሲቆም ጫፉ ራስ ይሆናል፤ ዓይንና አፉ የሚሠራው ከትናንሽ ቸኮሌት ነው። የገዛሁት ቸኮሌት ወተት ስላለበት እናቴ ዘቢብ ይሁንበት አለች፤ ከቸኮሌቱ ይልቅ አማረ። መንደሪኑ ተልጦ ከአናቱ ላይ አንዲት አጭር የሴለሪ ቁራጭ ሲሰካበት ዱባ ይሆናል፤ ይህኛው በእርግጥም ቀላል ነበር። ሙዙን ሎሚ መቀባት ረስተን ስለነበር ግን የጎረቤት ልጆች እስኪደርሱ ነጮቹ ጣረ ሞቶች ሁሉ ጠይመው እኛኑ መሰሉ። ወንዱ ልጄ፣ «አባዬ፣ እነዚህ ሐበሻ ናቸው» ብሎ ለእንግዶቹ በእንግሊዝኛ አስተዋወቃቸው።

ማታ ከረሜላ የማደሉን ሥራ እናቴ ወሰደችው። የመጀመሪያዎቹ ልጆች በሩን አንኳኩተው «ትሪክ ኦር ትሪት» ሲሉ ወደ እኔ ዞራ፣ «አለቀ? ዘፈናቸው ይኸው ነው?» አለች። ነው ስላት አዘነች። «የሆያ ሆዬ ልጆች ጉሮሯቸው እስኪነቃ ጨፍረው አንድ ሙልሙል ይዘው ይሄዳሉ፤ በሦስት ቃል ይህን ሁሉ ከረሜላ?» ብላ ሳህኑን ወደ ደረቷ አስጠጋችውና ማጨብጨብ ጀመረች። አጽም የለበሰ አንድ ልጅ ነገሩ ገብቶት፣ የሚያውቀው ዘፈን እሱ ሆኖ ነው መሰል፣ የእንግሊዝኛውን ፊደል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘፈነላት። በሁለት እጇ ዘግና ሰጠችው፤ ከልምድም «እደግ!» አለችው።

ልጆቹ ተኝተው፣ እኔም ሠላሳ ሰባተኛው ስግደት ላይ ስደርስ፣ እናቴ አንድ ላስቲክ ይዛ መጥታ ፊቴ ላይ አስቀመጠችው። ከውስጡ እንደ ጣውላ የደረቀው ነጠላ ጥለቱን አውጥቶ ይታያል። ተንበርክኬ እንዳለሁ ቀና ብዬ አየኋት።

«ሦስቱን ጨርስና እጠበው» አለችኝ። «ግን ንገረኝ፤ ኮላው የሚለቀው በቀዝቃዛ ውሃ ነው፣ ለብ ባለ?»