ስምንት ሰከንድ

ሐሙስ ማታ ልምምድ ላይ የልብ መቆምን በስምንት ሰከንድ ለየሁ። ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ መሰልጠን ከጀመርኩ አሥራ አራት ወር ሆኖኛል፤ ከዚያ ውስጥ ዘጠኙን ወር የበላብኝ ይህ አንድ ነገር ነው። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ስለሱ ነው፣ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፈዋለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙም አልከበዱኝም። ደም ሲፈስ ቁስሉን በቀጥታ መጫን፤ አልቆም ካለ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ቱርኒኬት (ደም ለማቆም ጥብቅ ተደርጎ የሚታሰር ማሰሪያ) ማሰርና የታሰረበትን ሰዓት መጻፍ። ቃጠሎን ቀዝቀዝ ባለ ወራጅ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ ማቆየት። ምግብ ላነቀው አዋቂ አምስት ጊዜ በመዳፍ ጀርባውን መምታት፣ ካልወጣለት አምስት ጊዜ ከኋላ አቅፎ ሆዱን ወደ ውስጥና ወደ ላይ መሳብ። እነዚህን እጅ ይለምዳቸዋል። እኔን ያስቸገረኝ ዓይን የሚጠይቀው ነው።

ሥልጠና በጀመርኩ በአምስተኛው ወር፣ አንድ ስብሰባ ላይ፣ ከፊቴ ሁለት ረድፍ ቀድመው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው ተንሸራተው ወደቁ። እጅና እግራቸው ለጥቂት ሰከንድ ተንቀጠቀጠ። አንዱ "የሚጥል በሽታ ነው" አለ፤ እኔም አመንኩት። መንቀጥቀጡ ሲያበቃ ጎንበስ ብዬ አየሁ። አፋቸው ተከፈተ፣ አገጫቸው ሳብ አለ፣ ከጉሮሯቸው ማንኮራፋት የመሰለ ድምፅ ወጣ። ከዚያ ዝም። ቆይቶ ደግሞ እንደገና። "ይተነፍሳሉ!" ብዬ ጮህኩና በጎናቸው አስተኛኋቸው። ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ከኋላ የመጣች ነርስ አንድም ቃል ሳትናገረኝ በጀርባቸው ገልብጣ ደረታቸውን መጫን ጀመረች። ሁለት ደቂቃ ያህል አባክኛለሁ። እሳቸው ሆስፒታል ከደረሱ በኋላ አረፉ።

ያየሁት ትንፋሽ አልነበረም። ልብ ሲቆም ኦክስጅን ያጣው የአንጎል ግንድ ለጥቂት ደቂቃ አፍንና አገጭን ያንቀሳቅሳል፤ ሳንባ ውስጥ ግን የሚረባ አየር አይገባም። ያ አጭር መንቀጥቀጥም ደም የተቋረጠበት አንጎል የሚያመጣው ነው። አማርኛችን ለዚህ ቃል አለው፤ ማጣጣር። ችግሩ "እያጣጣረ ነው" ስንል "ነፍሱ ገና አልወጣችም" ማለታችን ነውና ቃሉ ራሱ ጠብቁ ይለናል። እኔ ለራሴ ትርጉሙን ቀይሬዋለሁ፤ ራሱን ስቶ የሚያጣጥር ሰው ልቡ ቆሟል፣ ተንበርከክና ጫን። ኤሌክትሪክ ሊያስተካክለው በሚችለው ዓይነት የልብ መቆም ላይ፣ ደረት ሳይጫን በሚያልፍ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድል ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። የእኔን ሁለት ደቂቃ በዚህ አስሉት።

ይህን ለማረም ብዙ ሞከርኩ። ምህጻረ ቃል መሸምደድ እንዲያውም ጎድቶኛል፤ ፊደሎቹን ሳስታውስ ሰውየውን ማየት እረሳለሁ። የጠቀመኝ የተኛ ሰው ማየት ነው። ቤት ውስጥ ሰው እንቅልፍ ሲወስደው ሰዓት ይዤ አጠገቡ እቀመጥና ደረቱንና ሆዱን እከታተላለሁ። ያረፈ ጤነኛ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ስለዚህ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ደረቱ ሲነሣና ሲወርድ ማየት አለብኝ። ቀጥሎ የእውነተኛ ማጣጣር ቪዲዮዎችን ድምፁን አጥፍቼ ተመለከትኩ፤ የሚያታልለው ድምፁ ነውና። አሁን አንድ እጄን ግንባሩ ላይ፣ ሁለት ጣቴን አገጩ ሥር አድርጌ ራሱን ወደ ኋላ አቀናለሁ፣ ዓይኔን ደረቱ ላይ ተክዬ ጮክ ብዬ "ተነሣ… ወረደ" እላለሁ። እስከ አሥር ሰከንድ ድረስ ሁለት ጊዜ "ተነሣ" ካላልኩ፣ ወይም ከተጠራጠርኩ፣ ክርክር የለም። ሐሙስ ዕለት አሰልጣኛችን ከምንለማመድበት የሰው አሻንጉሊት አንገት ሥር ስልክ ደብቆ ያን የጉሮሮ ድምፅ ለቀቀብን። አጠገቤ የነበረው ባልደረባዬ "ይተነፍሳል" አለ። እኔ ስምንት ስደርስ አንድም ጊዜ "ተነሣ" አላልኩም ነበር። እጆቼ ደረቱ ላይ ነበሩ።

አንገት ላይ የልብ ምት ስትፈልጉ የምትቆዩ ጀማሪዎች፣ እባካችሁ ተዉት። ዓለም አቀፍ መመሪያዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ባለሙያ ላልሆነ ሰው ይህን ያስቀሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በጭንቀት ሰዓት የገዛ ጣታችሁን ምት የሌላ ሰው አድርጋችሁ ትቆጥራላችሁ፤ እኔ ቆጥሬያለሁ። "ልቡ እየመታ ብጫነውስ?" የሚለው ፍርሃትም ነበረብኝ። በዚህ ከባድ ጉዳት የሚደርስበት ሰው ጥቂት ነው፤ ልቡ ቆሞ የሚጭነው ያጣ ሰው ግን ይሞታል።

ለመጫኑ የምወደው መሣሪያ ስልኬ ላይ ያለው ሜትሮኖም፣ ማለትም ምትን በእኩል ፍጥነት የሚያሰማ መተግበሪያ ነው፤ 110 ላይ አድርጌዋለሁ። መመሪያው በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይላል። ያለ ሜትሮኖም ስደናገጥ ወደ 140 እሮጣለሁ፤ ደረቱ ተመልሶ ሳይነሣ እንደገና እጫናለሁ፣ ልብም ደም ለመሙላት ጊዜ አያገኝም። በየሁለት ደቂቃው ደግሞ ሰው ይተካችሁ። አልደከመኝም ብትሉም ጥልቀቱ ይቀንሳል።

ሌሎቹ ላይ እኩል ጎበዝ አይደለሁም። ስኳር ወርዶበት ላብ በላብ ሆኖ ግራ የተጋባ ሰው ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ከ15 እስከ 20 ግራም ስኳር፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ እንደገና መለካት፤ ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም ነገር አለመጨመር። ይህን አውቀዋለሁ። ስትሮክ ላይ ግን ዋናውን ጥያቄ፣ "ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየው ስንት ሰዓት ነበር?" የሚለውን፣ ሁለት ጊዜ ልምምድ ላይ ረስቻለሁ። የደም መርጋት የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሆነ ያለዚያ መልስ ሐኪሙ እጁ ይታሰራል። አሁን ጓንቴ ላይ በብዕር እጽፈዋለሁ። በጭንብልና በከረጢት አየር መስጠት ደግሞ ብቻዬን እስካሁን አልተሳካልኝም፤ በአንድ እጄ የያዝኩት ጭንብል ጎን አየር ያመልጣል። ሁለት ሰው ሆነን፣ አንዱ በሁለት እጁ ጭንብሉን ሲይዝ፣ ደረቱ ይነሣል።

ቀጣዩ ፈተናዬ ሕፃናት ናቸው። አራስ ልጅ በደቂቃ ከ30 እስከ 60 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ጤነኛ ሆኖም ለጥቂት ሰከንድ ቆም ብሎ የሚቀጥልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የእኔ "ሁለት ጊዜ ተነሣ" እዚያ አያገለግልም። ከእናንተ ውስጥ አራሶች ላይ ዓይኑን ያሰለጠነ ካለ እንዴት እንደተለማመደ ይጻፍልኝ፤ በተለይ ዓይናችሁን ደረቱ ላይ ነው ወይስ ሆዱ ላይ የምታሳርፉት?