አንዱ ኪስ ይገባል፣ ሌላው አንገት ያጎብጣል

የእህቴ ልጅ 80 ቀን የሞላት ዕለት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ ክርስትና ቤቱ ውስጥ ቆሜ ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንዲት ትንሽ መስኮት፣ ጥቂት ጧፍ፣ ነጭ የለበሰ ዘመድ። ቄሱ ማተቡን በሕፃኗ አንገት ለማሰር ጎንበስ ሲሉ በእጄ የያዝኳትን ትንሽ ካሜራ አቅንቼ ተጫንኩ። ከኋላዋ ባለው ስክሪን ላይ ያየሁት ግን ማተብም አንገትም አልነበረም። የቄሱ ጣቶች እንደ ቀጠነ ሊጥ ፈስሰዋል፤ የሕፃኗ ፊት ሰም የተቀባ ይመስላል። ደገምኩ። ሰለስኩ። በአራተኛው ተስፋ ቆርጬ ፍላሹን አነሳሁት። ቄሱ ቀና ብለው «ልጄ፣ መብረቁን ተወው» አሉኝ። ከኋላዬ አፉን ይዞ የሳቀው የአጎቴ ልጅ ነው፤ የካሜራዋ ባለቤት።

በዚያ ሰዓት ትከሻዬ ላይ ሌላ ካሜራም ተንጠልጥሎ ነበር። ከአንድ ፎቶ ቤት መታወቂያዬን አስይዤ ለሁለት ቀን የተዋስኩት አሮጌ ዲ ኤስ ኤል አር ነው፤ ሌንሱ የሚቀያየር ትልቅ ካሜራ ማለት ነው። ሁለት ካሜራ ይዤ የሄድኩት ለክርስትናው ተጨንቄ አይደለም። ከሁለቱ የትኛውን እንደምገዛ መወሰን አቅቶኝ ነው።

ነገሩ የጀመረው ዕቁብ የደረሰኝ ጊዜ ነው። ሐዋሳ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከተማሪዎች የተፈጥሮ ክበብ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሐይቁ እንወርዳለን። በስልክ የተነሳ ወፍ ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል፤ ሰፊ ሰማይ፣ መሐሉ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ፣ ከሥሩ ደግሞ «ይህ ንስር ነው» የሚል ማብራሪያ። በዕቁቡ ካሜራ ልገዛ ቆረጥኩ፤ ገንዘቡ ግን አዲስና ጥሩ የሆነውን አይገዛም። በፊቴ የነበሩት ሁለት ናቸው። አንደኛዋ የአጎቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ይዟት የመጣው ካኖን ፓወርሾት ኤስ ኤክስ 720 ነች፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣች፣ ሸሚዝ ኪስ የምትገባ፣ 40 እጥፍ የምታቀርብ። ሁለተኛው የፎቶ ቤቱ ካኖን 60ዲ ነው፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለ፣ ከእኔ በፊት ማን እጅ እንደነበረ የማይታወቅ። ሌንሶቹ ሲደመሩበት ዋጋቸው ተቀራራቢ ነበር።

ሰው አማከርኩ። ግማሹ «ካሜራ ማለት ትልቁ ነው፣ ሌላው መጫወቻ ነው» አለ። ግማሹ «ዛሬ ማን ድንጋይ ተሸክሞ ይዞራል» አለ። ምን ልታነሳ ነው ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም ነበር።

ወረቀት ላይ ትንሿ ታሸንፋለች። 20 ሜጋፒክስል፣ ማለትም 20 ሚሊዮን ነጥብ አላት፤ የ60ዲው 18 ነው። ክብደቷ ከነባትሪዋ 270 ግራም ሲሆን 60ዲው ያለ ሌንስ 755 ነው። ልቤ ወደ እሷ አጋድሎ ሳለ አንድ ማታ የሁለቱን ሴንሰር መጠን ፈልጌ በተማሪ ግራፍ ወረቀት ላይ ሣልኳቸው። ሴንሰር ብርሃኑ የሚያርፍበት፣ ምስሉ የሚሠራበት ቁራጭ ነው። የትንሿ 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ስለሆነ አንዲት የሽምብራ ፍሬ ትሸፍነዋለች። የትልቁ 22.3 በ14.9 ሚሊሜትር ነው፤ የፖስታ ቴምብር ያህላል። ስፋታቸው ሲሰላ 12 እጥፍ ገደማ ይበላለጣሉ። ሃያ ሚሊዮን ነጥብ ሽምብራ ላይ ተጨናንቆ እያንዳንዱ ምን ያህል ብርሃን ይደርሰዋል? በቀትር ፀሐይ ለሁሉም ይተርፋል። በጧፍ ብርሃን ግን ለማንም አይበቃም፤ ካሜራዋም የጎደለውን በግምት ትሞላለች። ሰም የተቀባው ፊት የመጣው ከዚህ ነው።

ይህን ያወቅኩት ከክርስትናው በፊት ነው። ማወቅና ማመን ግን ይለያያሉ።

ከክርስትናው በፊት በነበረው ዓርብ ማለዳ ሁለቱንም ይዤ ወደ አሞራ ገደል ወረድኩ። ለማያውቀው፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያለ የዓሣ ገበያ ነው። ጀልባዎቹ ቆሮሶና አምባዛ ያራግፋሉ፤ አባ ኮዳም እጁን ወደ ኋላ እንዳጣመረ ሽማግሌ ቆሞ የዓሣ ሆድ ዕቃ እስኪጣልለት ይጠብቃል። እዚያ መጀመሪያ ያገኘሁት ኀፍረት ነው። ዙም ዙም እያልኩ ስንት ሌሊት ያሰብኩለት ወፍ በሁለት እርምጃ ርቀት ቆሞ ነበር። 60ዲው ላይ ያለው ተራ 18–55 ሚሊሜትር ሌንስ (ቁጥሩ ሲጨምር ሩቁን ያቀርባል) በመላጣ ራሱ ላይ የቀሩትን ጥቂት ፀጉሮች አንድ በአንድ አወጣቸው። ትንሿም አወጣቻቸው። በዚያ ፀሐይና በዚያ ቅርበት የተነሱትን ፎቶዎች ቀላቅዬ ለሁለት ተማሪዎች አሳየኋቸው፤ የትኛው በየትኛው እንደተነሳ መለየት አልቻሉም።

ንስሩ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ራሱና ደረቱ ነጭ የሆነው ዓሣ አዳኙ ንስር ከውኃው ማዶ ዛፍ ላይ አረፈ። ትንሿን ካሜራ እስከ መጨረሻው ሳብኳት፤ በምንቃሩ ሥር ያለው ቢጫ ሳይቀር ስክሪኑን ሞላው። በ60ዲው ነጥብ ነው። ባለ ፎቶ ቤቱ ሊሸጥልኝ ያሰበውን 55–250 ሌንስ ባስርበት እንኳ በትንሿ ቋንቋ ሲተረጎም 400 ሚሊሜትር ነው፤ እሷ 960 ትደርሳለች። ነገር ግን ወፉ ላይ መድረስና ወፉን ማግኘት አንድ አይደሉም። ትንሿ በዓይን ተጠግተው የሚያዩበት መስኮት የላትም። ፀሐይዋ ስክሪኑ ላይ ሲያርፍበት የማየው የራሴን ግንባር ነው። በሙሉ ዙም እጄ ጥቂት ከተንቀጠቀጠች ንስሩ ይጠፋና በሰማይ ላይ እፈልገዋለሁ፤ በገለባ ቀዳዳ አጮልቆ ጨረቃን እንደ መፈለግ ነው። በኋላ ክርኔን የጀልባ ጠርዝ ላይ ማስደገፍና ዙሙን ለአፍታ መልሳ የምታሰፋውን ቁልፍ መጠቀም ለመድኩ። ንስሩ ሲነሳ ግን ፎከሷ እስኪደርስበት ዓሣውን ይዞ ሄዷል። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ደግሞ ከውኃው ላይ የሚነሣው ሙቀት አየሩን ያንቀጠቅጠዋል፤ ያን ጊዜ የትኛውም ዙም የሚያነሳው የሚርገበገብ ጥላ ነው። ለሩቅ ነገር ማለዳ መሄድ ከካሜራ ምርጫ ይልቅ ይጠቅማል።

ቅዳሜ ወደ ክርስትና ቤቱ እንመለስ። ከፍላሹ ውርደት በኋላ ትንሿን ኪሴ ከትቼ 60ዲውን አወጣሁ። አሁን ይታያል ብዬ ነበር። አልታየም። በተራው ሌንስ፣ አይ ኤስ ኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ 3200 አድርጌ እንኳ ብርሃን ለመቀበል የሰከንድ 1/15ኛ ክፍት መቆየት ነበረበት፤ ለሚንቀሳቀስ ነገር ረጅም ነው። ሌንሱ የእጄን መንቀጥቀጥ ይቀንሳል፤ የሚወራጨውን ሕፃን ግን አያስቆምም። ትልቁ ካሜራም ደብዛዛ አነሳ፤ ያኛውን ያህል ሰም ባይቀባም።

በዋዜማው ቦርሳውን ሲሰጡኝ ባለ ፎቶ ቤቱ «መምህር፣ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ይህችንም ያዛት» ብለው አንዲት ጭብጥ የማትሞላ ሌንስ ጨምረውልኝ ነበር፤ ዙም የሌላት፣ 50 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.8፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳዋ ይሰፋል። ዙም የሌለው ሌንስ ምን ያደርጋል ብዬ ከቦርሳው አላወጣኋትም። አሁን በር ላይ ወጥቼ በነጠላዬ ከልዬ ቀየርኳት። ቀዳዳዋ ሲከፈት ከተራው ሌንስ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ታስገባለች፤ 1/15ኛው 1/125ኛ ሆነ። ክፍሉ ጠባብ፣ ሌንሷ አቅራቢ ስለሆነች ጀርባዬ ግድግዳ እስኪነካ ማፈግፈግ ነበረብኝ። ቄሱ ሜሮን ሲቀቡ፣ ሕፃኗ አፏን ከፍታ ስታለቅስ፣ በምላሷ ጫፍ ላይ የጧፉ ብርሃን ሲያበራ አነሳሁ። ስክሪኑን አይቼ ዝም አልኩ። የአጎቴ ልጅም አጮልቆ አየና «በቃ፣ የኔዋን አትገዛትም» አለኝ።

ያን ማታ ቀድሞ ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ። ስልኬን ከፍቼ ያለፈውን ዓመት ፎቶዎቼን አየሁ፤ መልሼ መላልሼ የማያቸውን 60 መረጥኩና ቅርብና ሩቅ፣ ብርሃንና ጨለማ ብዬ በአራት ከፈልኳቸው። 41ዱ ቅርብና ጨለማ ላይ ወደቁ። ቡና ሲፈላ፣ እናቴ መጋረጃው ሥር ተቀምጣ፣ ልጆች ሲተኙ። ሩቅ የሆኑት 7 ናቸው። ምኞቴ ወፍ ነው፤ ኑሮዬ ግን ሳሎን ነው። 60ዲውን ገዛሁ።

አሮጌ ካሜራ መግዛት በሬ ከመግዛት አይተናነስም፤ ጥርሱን ማየት ያስፈልጋል። ሸተሩ፣ ፎቶ ሲነሳ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ፣ ስንት ጊዜ እንደተመታ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በፕሮግራም ማወቅ ይቻላል። የ60ዲው ሸተር 100 ሺህ ጊዜ እንዲመታ ታስቦ የተሠራ ነው፤ የእኔው 38 ሺህ ላይ ነበር። ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 16 አጥብቤ ንጹሕ ሰማይ አነሳሁበት፤ ሴንሰሩ ላይ አቧራ ካለ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ሦስት ነጠብጣብ ነበሩበት። ባለ ፎቶ ቤቱ በዓይኔ ፊት በአየር መንፊያ ሁለቱን አስወጡ፤ ሦስተኛው እስከ ዛሬ በሰማዬ ግራ ጥግ አለ፤ ለምጄዋለሁ።

ለገላው ይህን ሁሉ ተጠንቅቄ ለሌንሱ ተዘናጋሁ። እዚያው ካለው 55–250 ይልቅ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሻጭ ጋ ረከስ ያለ አገኘሁ። ሱቁ ጨለምለም ያለ ነበር፤ እኔም ለሐዋሳው መኪና ቸኩያለሁ። ቤት ደርሼ የስልኬን መብራት ከኋላ ባበራበት በመስታወቱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ክር ተዘርግቷል። ሻጋታ ነው። እርጥበት ያለበት ቦታ ተዘግቶ የቆየ ሌንስ ያወጣዋል፤ መብራት ሲገጥመው ምስሉን ጭጋግ ያለብሰዋል። ሻጩ ስልኩን አላነሳም። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ፍተሻ ነበር። ከዚያ ሌላ ቦታ የገዛሁት ርካሽ ተጨማሪ ባትሪም በአራተኛ ወሩ አብጦ ከማቀፊያው አልወጣም አለ፤ በማንኪያ እጀታ አወጣሁት።

ስለ ትልቅ ካሜራ ማንም ያልነገረኝ ነገር ደግሞ አለ። ካሜራው ከነሦስት ሌንሱ 1 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው፤ እሱን ትከሻ ይለምደዋል። የማይለመደው ሹመቱ ነው። በዘመድ ሰርግ ላይ አንድ ጊዜ ይዤው ታየሁ፤ ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ካልሆነ በቀር ያለ ካሜራ የተጠራሁበት ድግስ የለም። ጠጅ ካሜራ በያዘ እጅ አይጠጣም ብል የሚሰማኝ የለም። በስልክ ሲያነሱ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ቦታዎች ላይም ጥበቃዎች እኔን «ፈቃድ አለህ?» ይሉኛል። በትንሿ ይህ አይደርስም።

ትንሿን በእውነት የተመኘሁት ሳነቴ ላይ ነው። ባለፈው ጥር ከክበቡ መምህራን ጋር በሻሸመኔ፣ በዶዶላ አድርገን ባሌ ሄድን። ሳነቴ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው። መኪና ውስጥ እንኳ ይበርዳል፤ ሃያ እርምጃ መራመድ ልብ ያስመታል። ቀይ ቀበሮው ፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ አንገቱን ዘርግቶ፣ አንድ እግሩን አንስቶ፣ እንደ ሐውልት ቆሞ ነበር። 250ውን እስከ መጨረሻው ሳብኩት። በፎቶው ላይ ቀበሮው የጥፍር ቁራጭ ያህላል፤ ቆርጬ ሳሰፋው ቀይ መሆኑ ይታወቃል፣ ዓይኑ የለም። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ተራሮች ሌላ የትም የማይገኝ፣ ቁጥሩ በመቶዎች ብቻ የቀረ እንስሳ ፊቴ ቆሞ እኔ ስለ ጧፍ ብርሃን የተመረጠ ካሜራ ይዣለሁ። ሹፌራችን በስልኩ አንስቶ «የእኔም ያንተን ይመስላል» አለኝ። አልተቀየምኩትም።

የአጎቴ ልጅ ሲመለስ ካሜራዋን አልሸጣትም፤ ለክበቡ ትቷት ሄደ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ በተራ የሚይዟት ተማሪዎች ናቸው። ባትሪዋ በ250 ፎቶ ገደማ ያልቃል፤ እነሱ ግን በመጀመሪያው ሰዓት ይጨርሱታል። ንስሩን ከእኔ በተሻለ አንስተውታል።

የሜሮኑን ፎቶ ደግሞ በትልቁ አሳትሜ ለእህቴ ወሰድኩላት። ሁሉም አደነቀ፤ የሕፃኗ ሽፋሽፍት ይቆጠራል። የክርስትና እናቷ ብቻ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ወስደው ረጅም ጊዜ አዩትና፣ «አንተ ልጅ፣ እኔ የት ሄድኩ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ኤፍ 1.8 ቀዳዳዋን በሙሉ ስትከፍት ጥርት የሚለው ጥቂት ሴንቲሜትር ውፍረት ብቻ ነው፤ ሕፃኗን ታቅፈው የቆሙት እሳቸው፣ በዓመት በዓል ቀሚስና በአዲስ ሹሩባ፣ ከኋላ እንደ ጉም ቀርተዋል። ይህ ሆን ተብሎ የሚደረግ ጥበብ ነው፣ ባለሙያዎች ይወዱታል ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ።

«እሱ ትንሹ ካሜራ ይሻል ነበር» አሉ፤ ፎቶውን መለሱልኝ።