ፂማሙ፣ ሁሌ ነገ የሚል

ሰፈራችን ያለው ሱቅ የዱቤ ደብተር አለው። ባለ 50 ሉክ ነው፣ ሽፋኑ በዘይት ወዝቷል፣ ጠርዙ በፕላስተር ተለጥፏል። አንድ ቀን ልጁ ስኳር ሊመዝንልኝ ዞር ሲል ገለጥ አድርጌ አየሁት። ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ግን የፈለግኩት የራሴን ዕዳ ነበር። ስሜን ከላይ እስከ ታች ብፈልገው የለም። ለካ ልጁ የአብዛኞቻችንን ስም አያውቀውም! «ቀይ ጃኬት፦ 2 ዳቦ»። «የምታስለዋ፦ ሎሚ፣ ዝንጅብል»። «ውሻ ያለው፦ 5 እንቁላል»። ወረድ ብሎ ደግሞ «ፂማሙ፣ ሁሌ ነገ የሚል፦ ሳሙና፣ የ50 ካርድ»።

እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ቀናሁ። አጫጭር የሬዲዮ ድራማ ነው የምጽፈው፤ አንድን ሰው ለማስተዋወቅ ግማሽ ገጽ እፈጃለሁ። እሱ መልኬንም ጠባዬንም በአራት ቃል ጨረሰው፣ ያውም ሚዛን ላይ ስኳር እየጨመረ።

ደብተር አልነበረኝም ማለቴ አይደለም። የቆዳ ሽፋን ያለው፣ ማሰሪያው ክር የሆነ አንድ የሚያምር ደብተር በስጦታ አግኝቼ ነበር። ደብተር የሚለው ቃል ራሱ ሥሩ ሲመዘዝ «ዲፍቴራ» ከሚል የግሪክ ቃል ነው አሉ የቋንቋ ሰዎች፣ የተለፋ ቆዳ ማለት ነው፤ ስለዚህ ከቆዳው ጋር ጠብ የለኝም። ችግሩ ክብሩ ነው። «ለዚህ የሚመጥን ሐሳብ ይምጣ» እያልኩ ሁለት ዓመት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። በሁለት ዓመት ውስጥ የጻፍኩበት ግማሽ ግጥም ብቻ ነው፣ እሱንም ቀድጄዋለሁ።

ከዚያ ወደ ስልክ ዞርኩ። ስልክ ላይ መጻፍ ቀላል ነው፣ የጻፉትን መልሶ ማየት ነው ከባዱ። ሐሳቤ ከስክሪንሾትና ከባንክ መልእክት ጋር ተቀብሮ ይቀራል። በመጨረሻ ታክሲ ተሰልፌ ስልኬን ተነጠቅኩ። የሦስት ዓመት ሐሳቤ አሁን ያለው ሌባው ዘንድ ነው፤ ደራሲ ሆኖ ብቅ ካለ አትገረሙ።

አሁን የምይዘው በጣም ርካሿን፣ ቀጭኗን የተማሪ ደብተር ነው። በቢላ በወርዷ ለሁለት እቆርጣታለሁ። እያንዳንዱ ግማሽ አንድ አንድ ሽቦ ይደርሰዋልና አይበታተንም፣ የኋላ ኪስም ይገባል። መልኳ ያስጠላል። ለእኔ ዋናው ጥቅሟም እሱ ነው፣ ምንም ቢጻፍባት አያሳዝንም።

ደግሞ «ሐሳብ» አልጽፍባትም። ሐሳብ እንደ ድመት ነው፣ ሲጠሩት አይመጣም። የምጽፈው ያየሁትን ወይም የሰማሁትን ነው፣ እንደ ባለሱቁ ባጭሩ፣ ከነቀኑ። እሑድ ጠዋት ቡና እስኪፈላ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነባታለሁ። ይቺን ማንበብ ዝም ብላችሁ እንዳታልፏት፣ እኔ ዓመታት የሳትኩት እሷን ነው። ስጽፍ ኖሬያለሁ፣ አንብቤ ግን አላውቅም ነበር።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ሐምሌ ላይ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ «ወያላው፦ አንድ ሰው የቀረው! እያለ አራት ጫነ» ብዬ ጽፌያለሁ። ይኼ ማንም በየቀኑ የሚያየው ነገር ነው፣ ምንም አይወጣውም። ኅዳር ላይ ደግሞ ለቅሶ ሄጄ «ድንኳን ውስጥ ሰው የሚያስቀምጡት ሽማግሌ፦ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ሰው ቆሟል» ብዬ ጻፍኩ። እሷም ለብቻዋ ምንም አትል። አንድ እሑድ ሁለቱን አከታትዬ ሳነባቸው ግን ቡናዬን ረስቼ ተነሣሁ። ሠላሳ ዓመት ወያላ የነበረ ሰው ጡረታ ወጥቶ የእድር አስተናጋጅ ቢሆንስ? ወንበሩን ይደረድራል፣ ለቀስተኛውን ጠጋ ጠጋ ያስብላል፣ መዋጮ ሲሰበስብ «የኋላዎች፣ ሒሳብ!» ይላል። ከዚያ አስከሬኑ ሊወጣ ሲል፣ ሁሉም ፀጥ ባለበት፣ አፉ ያመልጠዋል፦ «አንድ ሰው የቀረው!»

አሥራ አምስት ደቂቃ የሚሆን ድራማ ወጣው። ቁጭ ብዬ «ስለ እድር አስቂኝ ነገር ልጻፍ» ብል ኖሮ እስካሁን ጣሪያ ጣሪያ እያየሁ ነበር።

ሁለቱ መስመሮች እስኪገናኙ አራት ወር ፈጅቷል፣ እሱም ፈጣን ነው። የተፈጥሮ ተመራማሪው ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1837 ትንሽ ደብተሩ ላይ «ይመስለኛል» ብሎ ጀመረና ከሥሩ የፍጥረታትን ዝምድና የሚያሳይ፣ ቅርንጫፉ የተንጋደደ ዛፍ ሞነጫጨረ። ሥዕሉን ብታዩት ልጅ የሣለው ነው የምትሉት። ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈው መጽሐፍ የወጣው በ1859 ነው፣ 22 ዓመት ቆይቶ። ያ ደብተር ራሱ ከሌላ አንድ ደብተሩ ጋር ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ጠፍቶ ነበር። በ2022 በሮዝ የስጦታ ከረጢት ተደርጎ እዚያው ሕንፃ ውስጥ ወለል ላይ ተቀምጦ ተገኘ፣ ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ መልካም ፋሲካ ከሚል ጽሑፍ ጋር። የኔው ሌባ ግን ለፋሲካም ለገናም ድምፁ የለም።

ባለፈው ሳምንት ዕዳዬን ልከፍል ሱቅ ሄድኩ። ኪሴ ውስጥ ብር ስፈልግ ደብተሯ ቀድማ ወጣች። «ወንድሜ፣ ሁሌ ምንድን ነው የምትሞነጫጭረው?» አለኝ ልጁ። እኔ የእሱን አይቼ የለ? ሰጠሁት። ገለጥ ገለጥ አድርጎ አንዱ መስመር ላይ ቆመ። «ባለሱቁ፦ ዝርዝር የለም ከማለቱ በፊት ከረሜላውን ያያል» ይላል።

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ደብተሯን መለሰልኝና «ጥሩ ነው፣ ግን ዋጋውን አልጻፍክም» አለኝ። መልሴን ሁለት ከረሜላ ሰጠኝ።