ሰኞ ጠዋት ማንን ነው የምጠይቀው?

መጀመሪያ ሥራችን ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ይምታታበታል። እኛ ሕንፃ አናስተዳድርም። ሕንፃ ለሚያስተዳድሩ ድርጅቶች ሠራተኛ የምናቀርብ ኤጀንሲ ነን። የአፓርታማው ጥገና ሠራተኛ ይታመማል። ቤት የምታከራየው ልጅ የወሊድ ፈቃድ ትወጣለች። የወሩ መጨረሻ ይደርስና ብዙ ተከራይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ያኔ ይደውሉልናል፤ እኛም ሰው እንልካለን። አንዳንዱ ሦስት ቀን ሠርቶ ይመለሳል፤ አንዳንዱ ሦስት ወር ይቆያል፤ አንዳንዱን ደግሞ ይወዱትና እዚያው ያስቀሩታል።

የእኔ ሥራ አዲስ የምንቀጥራቸውን ሰዎች መቀበል ነው። ስጀምር ቀላል መስሎኝ ነበር። ወረቀት ማስፈረም፣ ስለ ድርጅቱ ማውራት፣ መላክ፤ አለቀ። ትንሽ ጉራም ነበረብኝ። 64 ገጽ ስላይድ አዘጋጀሁ። ታሪካችን፣ ራዕያችን፣ እሴቶቻችን፣ አለባበስ፣ ደህንነት፣ ምን የቀረ ነገር አለ። ቀለም መምረጡ ብቻ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

ከመጀመሪያዎቹ ዙሮች በአንዱ አንድ በዕድሜ የገፉ የጥገና ባለሙያ ነበሩ። ጋሼ እላቸው ነበር። ከኋላ ተቀምጠው ሁለት ሰዓት ሙሉ ትንፍሽ አላሉም። ስጨርስ «ጥያቄ ያለው?» አልኩ። እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ጥሩ ነው። ሰኞ ጠዋት ማንን ነው የምጠይቀው?»

«ቢሮው ይነግርዎታል» አልኳቸው።

ሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የመሣሪያ ሳጥናቸውን ይዘው ከግቢው በር ደረሱ። ሥራ አስኪያጇ ሰው እንደሚላክላት ታውቃለች፤ ግን ያን ቀን ጠዋት ስብሰባ ነበረባት። ጥበቃው የያዘው ዝርዝር ላይ ስማቸው የለም። «ማንን ፈልገው ነው?» ሲላቸው «ቢሮውን» አሉት። «ቢሮው ገና አልተከፈተም» አላቸው። ወደ እኛ ደወሉ። የእኛ ስልክ ሥራ የሚጀምረው ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ቆመው ጠበቁና ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

እኛ ፋይላቸው ላይ ምን ብለን ጻፍን? «አልተገኙም»። በእኛ ሥራ ይኼ ከባድ ቃል ነው። አንዴ የተጻፈበት ሰው ብዙ ጊዜ ሁለተኛ አይደወልለትም።

እውነቱን የሰማሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ እሱም በአጋጣሚ። ለሌላ ጉዳይ እዚያው ግቢ ስሄድ ጥበቃው «ያ ሳጥን ይዘው የቆሙት ሽማግሌ ምን ሆኑ?» አለኝ። ክው አልኩ። እዚያው ቆሜ ደወልኩላቸው። ሌላ ሥራ አግኝተዋል። «አይዞሽ ልጄ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም» አሉኝ። የእኔ ጥፋት ነበር። በግልጽ ጠይቀውኝ ነበር እኮ።

የኤጀንሲ ሠራተኛ ሁለት አለቃ አለው። ደሞዙን የምንከፍለው እኛ ነን፤ የቀን ሥራውን የሚያዘው ግን የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ ነው። ሲታይ ሁለት ቤት ያለው ይመስላል። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ግን አንዱም ቤት የለውም። እኔ «እነሱ ይቀበሉታል» እላለሁ፤ እነሱ «ኤጀንሲው አዘጋጅቶ ልኮታል» ይላሉ። ሰውየው መሀል ላይ በር ላይ ይቆማል።

ስላይዱን ወደ 9 ገጽ አወረድኩት። የተረፈኝን ጊዜ ስልክ ላይ አዋልኩት። አሁን ማንኛውም ሰው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ባለው የሥራ ቀን ወደ ሕንፃው እደውላለሁ። ማን ነው የሚቀበለው? «ቢሮው» የሚል መልስ አልቀበልም፤ ቢሮ እጅ አይጨብጥም። የሰው ስም እፈልጋለሁ። ያ ሰው ባይኖር የሚተካውንም ስም እፈልጋለሁ። የአዲሱን ሠራተኛ ስም ደግሞ ለጥበቃው እንዲሰጡልኝ እጠይቃለሁ። በየትኛው በር ነው የሚገባው? ትልልቅ ግቢዎች ሦስት አራት በር አላቸው፤ ጎግል ማፕ ደግሞ የተዘጋው በር ላይ አድርሶ «ደርሰዋል» ማለት ይወዳል። መሣሪያ ይዞ ይምጣ ወይስ እናንተ ጋ አለ? ምሳ የት ነው የሚበላው? መጸዳጃ ቤቱ የት ነው?

የመጨረሻዋን ስጠይቅ የሚስቁ አሉ። ይሳቁ። በማያውቁት ግቢ መጸዳጃ ቤት ፍለጋ መዞርን የደረሰበት ያውቀዋል።

የእኛንም ስልክ አስተካከልን። ሰው በአንድ ሰዓት ተኩል ሥራ የሚጀምር ከሆነ ከእኛ አንዳችን ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ስልክ እናነሳለን። ይኼን ለማሳመን ከአለቃዬ ጋር ሁለት ወር ተከራክሬያለሁ። ተራ ነገር ይመስላል፤ ከስላይዱ ሁሉ የበለጠ የሠራው ግን እሱ ነው።

ቀጥሎ ያስተካከልኩት የገንዘቡን ወሬ ነው። ድሮ አላነሳውም ነበር። አንድ ቀን አንድ ልጅ ከሥራ ቦታው ተናዶ ደወለ። እዚያ ያለ ሰው «ለአንተ ለኤጀንሲው የምንከፍለው እኮ አንተ ከምታገኘው በጣም ይበልጣል» ብሎታል። ልጁ የተዘረፈ መሰለው። አይፈረድበትም፤ ማንም አልነገረውማ። አሁን በመጀመሪያው ቀን ራሴ እነግራቸዋለሁ። ደንበኛው ለአንድ ሰዓት የሚከፍለን ከእናንተ ደሞዝ ይበልጣል። ልዩነቱ በአሠሪነታችን የምንከፍላቸውን ክፍያዎች፣ ኢንሹራንሱን፣ የቢሮውን ወጪ፣ የእኔን ደሞዝና የድርጅቱን ትርፍ ይሸፍናል። ደንበኛው ቋሚ አድርጎ ሊወስዳችሁ ቢፈልግ ደግሞ ውሉ ላይ የተቀመጠ ክፍያ ወይም መሞላት ያለበት የሥራ ሰዓት አለ። ስለዚህ «ዝም ብለህ ና፣ እኛ እንቀጥርሃለን» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ለእኛ ደውሉ። ይኼን ስናገር ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቀና ይላል። እሴቶቻችንን ሳነብ አንድም ቀን እንደዚያ ቀና ብለው አያውቁም።

የሰዓት መመዝገቢያ ቅጹንም በቃል ማስረዳት ትቻለሁ። እዚያው በእጃቸው ይሞሉታል። የመግቢያ ሰዓት፣ የምሳ እረፍት፣ የመውጫ ሰዓት፣ የሥራ አስኪያጁ ፊርማ። ያለ ፊርማ ደሞዝ ይዘገያል። የመጀመሪያ ደሞዙ የዘገየበት ሰው ምንም ብትነግሩት አያምናችሁም፤ ልክ ነው።

አንዲት ካርድም እሰጣለሁ፤ ኪስ ውስጥ የምትገባ። በአንድ በኩል ለእኛ የሚደወልባቸው ነገሮች አሉ፦ ደሞዝ፣ ሕመም፣ መዘግየት፣ የሚያንቋሽሽ ወይም የሚተነኩስ ሰው። በሌላው በኩል ለሥራ አስኪያጁ የሚነገሩት አሉ፦ ቁልፍ፣ የሥራ ትዕዛዝ፣ የተከራይ ቅሬታ። ጉዳት ከደረሰ ግን ለሁለቱም፤ ጭረት እንኳ ብትሆን። አለዚያ አንዱ ለሌላው የነገረ እየመሰለው ነገሩ ተድበስብሶ ይቀራል።

ስለ ሥራው ራሱ ብዙ አላስተምርም። ቧንቧ የሚጠግን ሰው ፒንሳ አያያዝ ከእኔ አይማርም። ግን በደረሰበት በመጀመሪያው ሰዓት ሦስት ነገር እንዲጠይቅ አስምለዋለሁ ማለት ይቻላል፦ የውኃው ዋና መዝጊያ የት ነው፣ የመብራት መቆጣጠሪያው የት ነው፣ ጋዝ ካለ የጋዙ መዝጊያ የት ነው። አንድ ልጅ በሁለተኛ ቀኑ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከላቫንዲኖ ሥር ያለው ቧንቧ ፈነዳበት። የእዚያች ክፍል መዝጊያ ዝጎ አልዞር አለ። ፎጣ ሲደረድር አልዋለም፤ ወርዶ ዋናውን ዘጋ። የታችኛው ፎቅ ጣሪያ ተረፈ። ጋዝ ላይ ደግሞ ቀልድ የለም። ከሸተተህ መብራት አታብራ፣ የበራውንም አታጥፋ፤ ሰው አስወጣ፣ ውጭ ሆነህ ደውል።

ቁልፍም አለ። መለያው ላይ የቤት ቁጥር አይጻፍም፤ የምስጢር ቁጥር ነው የሚደረግበት፤ ከጠፋ ያገኘው ሰው በየትኛው ቤት እንደሚገባ እንዳያውቅ። ፈርመህ ትወስዳለህ፣ ፈርመህ ትመልሳለህ፣ ኪስህ ውስጥ ይዘኸው ቤትህ አትገባም። ተከራይ ያለበት ቤት ስትገባ አንኳኳ፣ ማን እንደሆንክ ጮክ ብለህ ተናገር፣ ጠብቅ፣ እንደገና አንኳኳ። ልጆች ብቻቸውን ካሉ አትግባ፤ ተመለስ።

ለሚያከራዩት ደግሞ የምነግራቸው ሌላ ነው። አንዲት ጎበዝ ልጅ ቤት ሊያዩ ለመጡ ባልና ሚስት «ልጆች ካሏችሁ ይኼ ሕንፃ አይመቻችሁም» ብላቸው ነበር። ክፉ አላሰበችም፤ የረዳቻቸው መስሏታል። ግን በአንዳንድ አገር እንዲህ ያለ ንግግር በሕግ ያስጠይቃል። መምረጥ የሰውየው ነው፤ የእኛ ሥራ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ፣ አንድ ዓይነት መልስ መስጠት ነው። «ነገ ይሠራላችኋል» ማለትም ክልክል ነው። ተከራዩ የሚሰማው የሕንፃውን ቃል ነው፤ አንተ ነገ ሌላ ግቢ ልትሆን ትችላለህ።

አንድ ነገር ዘግይቶ ነው የገባኝ። አዲሶቹ «እዚያ ሁሉም ሰው ይቆጣል» እያሉ ያማርሩ ነበር። ለምን እንደሚቆጣ ግን አልነገርናቸውም። ተከራይ ለቆ ሌላ እስኪገባ ቤቱ ባዶ ነው፤ ባዶ የሆነበት እያንዳንዱ ቀን የጠፋ ኪራይ ነው። ቤቱ ይታያል፣ ይጠገናል፣ ይቀባል፣ መጨረሻ ላይ ይጸዳል። ቀቢው አንድ ቀን ከዘገየ ጽዳቱ ይዘገያል፤ ዕቃውን በመኪና ጭኖ የመጣው አዲሱ ተከራይ በር ላይ ይቆማል። ሥራ አስኪያጇ የምትጮኸው ያ መኪና እየታያት ነው። ይኼን የተረዳ ሰው ጩኸቱን በራሱ ላይ አይወስደውም።

ያልሠራልኝንም ልናገር። አንድ ሰሞን እያንዳንዱን አዲስ ሰው ከሕንፃው ቋሚ ሠራተኛ ጋር ማጣመር ጀመርኩ፤ እንዲያሳየው፣ እንዲያለማምደው። በወረቀት ላይ ያምር ነበር። ቋሚዎቹ ግን ዕቃ ያለበትን እንኳ አያሳዩም። አንዱን «ምነው?» ብለው «እኔን ሊተካ የመጣ ሰው እኔው ላሠልጥነው እንዴ?» አለኝ። ለካ የኤጀንሲ ሰው ሲመጣ ቋሚው ሥጋት ይገባዋል። አሁን ሥራ አስኪያጁን አስቀድሜ እለምናለሁ፦ ይኼ ሰው ለምን እንደመጣ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ ለሠራተኞችህ ንገራቸው። የሚነግሩ አሉ፤ የሚረሱም አሉ። የረሱበት ግቢ ወዲያው ያስታውቃል።

እንዴት ያስታውቃል? ማታ ለአዲሱ ሠራተኛ ስለምደውል። በመጀመሪያው ቀን ማታ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ከዚያ የመጀመሪያው ደሞዝ በሚገባበት ቀን። «እንዴት ነበር?» ብዬ አልጠይቅም፤ ሁሉም «ደህና ነው» ነው የሚለው። ሊያቆም የወሰነውም «ደህና ነው» ይላል። «ዛሬ ምሳ ከማን ጋር በላህ?» እላለሁ። «ብቻዬን፣ ደረጃው ላይ» ካለኝ በበነጋታው ለሥራ አስኪያጁ እደውላለሁ።

ለራሳችን ቢሮ ለሚቀጠሩትም ያው ነው። ሠራተኛ መልማይ ሆኖ የሚገባ ሰው ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት አንድ ቀን ከጥገና ሠራተኛ ጋር ይውላል። አንዷ ስትመለስ «አሁን ገባኝ፣ ስልክ የማያነሱት እጃቸው ቧንቧ ውስጥ ሆኖ ነው» አለች።

እስካሁን ያልፈታሁት ግን አለ። አንዳንድ ቀን ገና በጠዋቱ ይደወላል፦ «ሰው ቀርቶብናል፣ በሁለት ሰዓት ሰው ላኩልን»። ያኔ አስቀድሞ መደወል የለም፣ የበሩን ነገር ማጣራት የለም፣ ደዋዩም ተጣድፎ ይዘጋል። የምልከው ሰው ገና ጫማውን እያሰረ ነው። ለእነዚህ ያገኘሁት ነገር ቢኖር ግቢው ጋ ሲደርስ እንዲደውልልኝ ማድረግ ነው። በአንዱ ስልክ ከእሱ ጋር እያወራሁ በሌላው ሥራ አስኪያጇን እፈልጋለሁ። «ምን ይታይሃል?» እለዋለሁ። «ሰማያዊ በር።» «ጥበቃ አለ?» «አለ።» «ስልኩን ስጠው እስቲ።» የምዘጋው «ገብቻለሁ» ሲለኝ ነው።