የአንጀትን ኢንዛይሞች ሥራ በአራት ብርጭቆ እንዴት እንዳሳየሁ

ላክቴዝ የወተትን ስኳር፣ ሱክሬዝ ተራውን ስኳር ይሰብራሉ ብሎ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ቀላል ነው። ተማሪው ይሸመድደዋል፤ ከፈተና በኋላ ይረሳዋል። እኔ የፈለግሁት አንዱ ኢንዛይም የሌላውን ሥራ እንደማይሠራ በዓይናቸው እንዲያዩ ነበር።

የሰው አንጀት ኢንዛይም ክፍል ውስጥ ማምጣት ስለማይቻል ምትክ ፈለግሁ። ለላክቴዝ፣ ወተት ለማይስማማቸው ሰዎች የሚሸጠውን ጠብታ ወሰድኩ። ለሱክሬዝ ደግሞ የዳቦ እርሾ መረጥኩ፤ በውስጡ ያለው ኢንቨርቴዝ ሱክሮስን (ተራውን ስኳር) ግሉኮስና ፍሩክቶስ ወደተባሉ ቀላል ስኳሮች ይከፍላል፣ ላክቶስን (የወተትን ስኳር) ግን አይነካም። ላክቶስም በላክቴዝ ሲሰበር ግሉኮስ ይወጣዋል። ውጤቱን ለማየት ሽንት ውስጥ ስኳር መኖሩን ቀለሙን በመቀየር የሚያሳየውን ስትሪፕ (ቀጭን የመመርመሪያ ቁራጭ) ተጠቀምኩ። ስትሪፑ ላይ ያለው ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም የሚለየው ግሉኮስን ብቻ ስለሆነ ላክቶስም ሱክሮስም ቀለሙን አይቀይሩትም። የደም ስኳር መለኪያ እንዲተካው አልመክርም፤ አንዳንዱ ለሌሎች ስኳሮችም ምላሽ ይሰጣል።

ሁለት ብርጭቆ ለብ ያለ ወተት፣ ሁለት ብርጭቆ ለብ ያለ ስኳር ውኃ አቀረብኩ። ከወተቶቹ አንዱ ላይ ጠብታውን፣ ሌላው ላይ እርሾ ጨመርኩ፤ በስኳር ውኃዎቹም እንዲሁ አደረግሁ። ከዚያ በፊት ግን ወተቱን፣ ስኳር ውኃውን፣ ጠብታውንና እርሾውን ለየብቻ በስትሪፕ ፈተሽኩ። ይህ እርምጃ ሊዘለል አይገባም፤ ግሉኮሱ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ተማሪ መልስ የሚያገኘው ከዚህ ነው። ቆይተን ስንነክር ወተት ከጠብታ፣ ስኳር ከእርሾ ጋር ባሉት ውስጥ የነከርናቸው ስትሪፖች ብቻ ቀለም ቀየሩ። ጠብታውን አፍልቼ አቀዝቅዤ ስደግመው ወተቱም ዝም አለ፤ ኢንዛይም ፕሮቲን ነውና ሙቀት ቅርጹን አፍርሶታል።

ከዚህ በኋላ ስለ አንጀት ማውራት ቀለለኝ። ብርጭቆው የማያሳየው ትልቅ ነገር አለ፦ በትንሹ አንጀት እነዚህ ኢንዛይሞች በፈሳሹ ውስጥ አይንሳፈፉም፣ በሴሎቹ ገጽ ላይ ባሉ ጥቃቅን ጸጉር መሰል ዘርፎች ላይ ተተክለው ነው የሚሠሩት። ስለዚህ የሴሎቹ መጎዳት የኢንዛይሞቹም መጎዳት ነው። ከሁሉም ላክቴዝ ቀድሞ ይጎዳል፣ ዘግይቶም ያገግማል፤ ከብርቱ ተቅማጥ በኋላ ወተት ለጊዜው የማይስማማቸው ልጆች ያሉት በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ተማሪ «ያልተሰበረው ላክቶስ የት ይሄዳል?» ሲል ጠየቀኝ፤ የዚያን ቀን ትምህርት ያደመቀው ይህ ጥያቄ ነበር። ላክቶሱ ውኃ እየሳበ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፣ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፣ ሆድ ይነፋል። ከሚወጣው ጋዝ አንዱ ሃይድሮጅን ነው፤ በደም አድርጎ ወደ ሳንባ ስለሚደርስ ሐኪሞች ላክቶስ አጠጥተው በትንፋሽ ውስጥ ይለኩታል። ከመነሻው በ20 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 20 እጅ) ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ ላክቶሱ በደንብ እንዳልተፈጨ ይቆጠራል። በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች የሚበዙት ጡት ከጣሉ በኋላ ላክቴዛቸው እየቀነሰ የሄደ መሆኑንም ነገርኳቸው። ወተት የማይስማማቸው ተማሪዎች ከጤነኛ ሰው የጎደሉ እንዳልሆኑ ማወቃቸው ለእኔ ከሙከራው እኩል አስፈላጊ ነበር።

ሙከራውን ለመድገም ለምታስቡ፦ ከእርሾ የሚሠራው ጠብታ ለገለልተኛ (አሲድም ቤዝም ላልሆነ) ፈሳሽ የተስማማ ነው። ወተትና ጠብታ ይዞ እንደ ጨጓራ ጥቂት አሲድ ያለበት አምስተኛ ብርጭቆ ብትጨምሩ፣ ጠብታው ከመጠጣት በፊት ወተቱ ውስጥ የሚጨመረው ለምን እንደሆነ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይደርሱበታል።