ለትንሽ ሰዓት የሚሆን ቆዳ

እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ታይሜክስ ማርሊን የሚባል የእጅ ሰዓት ይዛልኝ መጣች። በእጅ የሚሞላው፣ 34 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው። ኩባንያው በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ይሸጠው የነበረውን ሞዴል በ2017 መልሶ ያወጣው ነው። ፊቱ ንጹሕ፣ መስታወቱ ጎበጥ ያለ፣ ጠዋት ጠዋት ስሞላው የሚሰማኝ የጥርሶቹ ድምፅ ደግሞ የአባቴን መኝታ ቤት የሚያስታውሰኝ ሰዓት ነው።

መጀመሪያ አስሬው ቢሮ የገባሁ ቀን አንድ የሥራ ባልደረባዬ «የባለቤትህን ነው እንዴ?» አለኝ። በክፋት አልነበረም። ግን ከነከነኝ። የእጄ አንጓ ዙሪያው 19 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አብሮት የመጣው ማሰሪያ ደግሞ ቀጭን፣ ወደ ዘለበቱ ሲሄድ እየጠበበ የሚሄድ። ሰዓቱ እጄ ላይ እንደ ተጣለ ሳንቲም ሆኖ ታየኝ። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ የወንድ ሰዓት አብዛኛው ከ33 እስከ 36 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ሮሌክስ ዴትጀስት እንኳን 36 ነበር። የዚያ ዘመን ወንዶች አንጓ ከእኔ ያነሰ አይመስለኝም። ስለዚህ ሰዓቱን መለወጥ ትቼ ማሰሪያውን መለወጥ ጀመርኩ። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ስድስት ሞክሬአለሁ።

በሙያዬ ቀያሽ ነኝ። ነገር ሲያስቸግረኝ መለካት ይቀናኛል። ማሰሪያው የሚገባበት በሁለቱ ቀንዶች መካከል ያለው ክፍት 18 ሚሊ ሜትር ነው። 18ን ለ34 ስታካፍሉት ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል። ባለ 38ቱ ሃሚልተን ካኪ ፊልድ 20 ሚሊ ሜትር ማሰሪያ ይይዛል፤ የእሱም ሒሳብ ያው ነው። ባለ 40 ሆኖ 18 ማሰሪያ የሚያስር ሰዓት ግን ራሱ ትልቅ፣ አንገቱ ቀጭን ይሆናል። የእኔ ሰዓት ከአንገቱ የሚታማ አልነበረም። የቀረው ቆዳው ከአንገቱ በታች ምን ይሆናል የሚለው ነው።

ሱቅ ውስጥ የሚገኘው ማሰሪያ ብዙውን ጊዜ ከላይ 18፣ ዘለበቱ ጋ 16 ነው። ለሱፍ ልብስ ያምራል፣ ሸሚዝ እጅጌ ሥርም ይገባል። ሰፊ አንጓ ላይ ግን ዓይን ሰዓቱንና ወደ ጎን የሚወርደውን ቆዳ አንድ አድርጎ ነው የሚያየው፤ ቆዳው ወዲያው መጥበብ ከጀመረ ሰዓቱንም ይዞት ይጠባል። ከላይ እስከ ታች 18 ሆኖ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ማሰሪያ ሳስር ለውጡን ያለ መስታወት አየሁት። ችግሩ ዘለበት ነው። 18 ሚሊ ሜትር የሚያስገባ ዘለበት ለማግኘት አንድ ቅዳሜ ሙሉ መርካቶ ዞሬአለሁ፤ በመጨረሻ ከአሮጌ ሰፊ ማሰሪያ ላይ ፈትቼ ወሰድኩ።

ማንም ያልነገረኝ ሌላ ነገር አለ። ትንሽ ሰዓት ከአንጓ ላይ የሚሸፍነው ትንሽ ስለሆነ የቀረውን የማሰሪያው ቆዳ መሸፈን አለበት። ዘለበቱ ያለበት የአጭሩ ወገን የተለመደ ርዝመት 75 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እኔ እጅ ላይ ዘለበቱ ወደ አንድ ጎን ተጎትቶ ይቀራል፣ ሰዓቱም አብሮ ይዞራል። አጭሩን 80፣ ረጅሙን 125 ሳስደርግ ሰዓቱ መሃል ላይ ተቀመጠ። መሃል ላይ የተቀመጠ ሰዓት ይከብዳል፤ ዓይን ውስጥ ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ቆዳው። የሐበሻ በግ ቆዳ ቀጭን ሆኖ ጠንካራ በመሆኑ ለጓንት በዓለም የሚፈለግ ነው፤ ይህን ስለማውቅ ሁለተኛውን ማሰሪያዬን ሙሉ በሙሉ ከበግ ቆዳ አሰፋሁ። ሲነኩት ደስ ይላል። በሁለት ወር ውስጥ ግን ቀዳዳዎቹ ሞላላ ሆኑ፣ ማሰሪያው ተለጠጠ፣ ሰዓቱ እጄ ላይ መንሸራተት ጀመረ። ይዤው ፒያሳ አካባቢ ወዳሉ አንድ ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይሄ ለምን ሆነ?»

ቆዳውን በአውራ ጣታቸው ሳብ ሳብ አደረጉት። «የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ ገበር ነው። ላዩን የበሬ አድርገው፤ ይሄኛው ከሥር ሆኖ እጅህን ያለሳልስልሃል።»

እንዳሉት አደረግን። ላዩ የበሬ ቆዳ፣ በእንጨት ልጥ የለፋ፤ ገበሩ የበግ። ክሩን በሰም አሽተው በወስፌ እየበሱ በእጅ ሰፉት፤ ጠርዙን ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ እያሹ አለሰለሱት። ከቀንዶቹ ጋ ውፍረቱን 4 ሚሊ ሜትር፣ ዘለበቱ ጋ 2.5 እንዲሆን ለምኛቸው ነበር፤ ከሥር በቢላ እየፋቁ አሳሱት። ስፋቱ እኩል ሆኖ ውፍረቱ እየሳሳ የሚሄደው ለዚህ ነው፦ ከላይ ሲታይ ይሞላል፣ ጠረጴዛ ላይ እጅ ሲያርፍ ግን አይቆረቁርም።

ውፍረት ልክ አለው። አራተኛው ማሰሪያዬ ውስጡ ስፖንጅ የተሞላ፣ 5 ሚሊ ሜትር የሚሆን ነበር። ሰዓቱ ጉድጓድ ውስጥ የገባ መሰለ፤ ቆዳው ከሁለት በኩል እንደ ትራስ ተነሥቶ ፊቱን አሳነሰው። እኔ አሁን የምከተለው ልኬት የሰዓቱ የጎን ብረት ነው። ቆዳው ከሱ ጋር እኩል ሊሆን ይችላል፣ ሊበልጠው ግን አይገባም። በማሰሪያውና በሰዓቱ መካከል የሚቀረውንም ክፍተት እዩ። ብርሃን በዚያ ካለፈ ሰዓቱ ተቆርጦ የተንጠለጠለ ይመስላል። ወፈር ያለ ቆዳ ያን ክፍተት ስለሚደፍነው ብቻ ሰዓቱ በአንድ ሚሊ ሜትር ያደገ ይመስላል።

ስለ ቀለም ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ያባከንኩት እዚህ ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ የማያቸው ፎቶዎች አብዛኞቹ በነጭ እጅ ላይ የተነሡ ናቸው። ጥቁር ቡናማ ማሰሪያ ነጭ እጅ ላይ ጎልቶ ይወጣል፤ «ሰዓትህ እንዲታይ ጥቁር ቡናማ እሰር» ቢሉ እውነታቸውን ነው። የእኔ ቆዳ ግን ራሱ ጠይም ነው። ያንኑ ቀለም ሳስር ማሰሪያው እጄ ውስጥ ጠፋ፣ ሰዓቱም ብቻውን ቀረ፤ ሳንቲሙ ተመልሶ መጣ። የማር ቀለም ያለው፣ በነጣ ያለ ክር የተሰፋ ማሰሪያ ሳስር ግን ከአንጓዬ ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መስመር ሆኖ ታየ፣ ሰዓቱም የመስመሩ ራስ ሆነ። ጥቁር ማሰሪያም ለእኛ ይሠራል፣ በተለይ ፊቱ ነጭ ለሆነ ሰዓት። መሃል ላይ ያለው ቡናማ ነው የሚከዳን።

የጀርመን ጦር አብራሪዎች ያስሩት የነበረውን፣ ከሰዓቱ ሥር ሰፊ ቆዳ የሚነጠፍበትን ቡንድ የሚባለውንም ሞክሬአለሁ። ቆዳው የብረቱን ሙቀትና ቅዝቃዜ ከእጅ ለመከላከል ነበር ይባላል። ትንሽ ሰዓትን ለማግዘፍ ከዚህ የሚበልጥ የለም፤ ባለ 34ቱ እንኳን እንደ መሣሪያ ይሆናል። ሆኖም ሚያዝያ ላይ አዋሽ በረሃ ቅየሳ ሄጄ በሦስተኛው ቀን ከሥሩ ያለው ቆዳ በላብ ረጥቦ እጄን አሳከከኝ። ለደጋ፣ ለጥቅምትና ለኅዳር ብርድ አስቀምጬዋለሁ።

ክረምት ላይ የበሬው ማሰሪያ ሲርስብኝ ፈትቼ ጥላ ውስጥ ነው የማሰጣው፣ ምድጃ አጠገብ ካስቀመጡት ይሰነጠቃል። ሌሊት ሰዓቱን ፈትቼ ነው የምተኛው፣ ቆዳውም ይተነፍሳል።

የጋሼን ማሰሪያ ካሠራሁ አሥራ አራት ወር ሆኖታል። ፀሐይና የእጄ ወዝ የማሩን ቀለም ወደ ቀይ እየወሰዱት ነው፣ ከዘለበቱ ሥር ያለው ብቻ እንደ መጀመሪያው ቀን ፈዛዛ ነው። ቀለሙ በዚሁ ከቀጠለ በሚመጣው ዓመት ከእጄ ጋር ሊመሳሰል ነው። ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ሳሳያቸው ካስቀመጡት ቆዳ ውስጥ ገና ያልቀላ ቁራጭ አወጡና ከጎኑ አጋደሙት፤ ሁለተኛውን ከዚያ ቆርጠው ከጥምቀት በፊት ሊያደርሱልኝ ተስማምተናል።