ቧንቧው የፈነዳው በረዶው ካለበት ራቅ ብሎ ነበር

በጠረጴዛዬ ላይ ስንዝር የማትሞላ የመዳብ ቧንቧ ቁራጭ አለች። ወገቧ ላይ ተነፍታ፣ በተነፋችበት በኩል ርዝመቷን ተከትላ ተሰንጥቃለች፤ የስንጥቁ ከንፈሮች ወደ ውጭ ተገልብጠው ሲታዩ ከውሃ የወጣ ዓሣ አፍ ይመስላሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከማእድ ቤቱ ሲንክ ሥር ተቆርጣ ስትወጣ ከቧንቧ ሠራተኛው ለምኜ ያስቀረኋት ነገሩ ግራ ስላጋባኝ ነበር። ሲንኩ ያለበት ክፍል ሌሊቱን ሙሉ ሲሞቅ ያደረ ነው። በረዶ የሠራው ደግሞ ከዚያ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ፣ ነፋስ በሚመታው የውጭ ግድግዳ ውስጥ በሚያልፈው የመስመሩ ክፍል ነበር። በረዶው እዚያ ሆኖ ስንጥቁ እዚህ እንዴት ሊሆን ይችላል?

መልሱ የሚገኘው ውሃ ካለው ልዩ ጠባይ ነው። ውሃ እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እየቀዘቀዘ ሲሄድ እንደ ሌሎች ፈሳሾች ይሰበሰባል፤ ከዚያ በታች ግን መልሶ መስፋት ይጀምራል፣ ወደ በረዶነት ሲለወጥም መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አብዛኛው ሰው በረዶው የቧንቧውን ግድግዳ ከውስጥ እየገፋ የሚሰነጥቀው ይመስለዋል፤ እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ይሁን እንጂ በረዶው መጀመሪያ ቧንቧውን እንደ ቡሽ ይደፍነዋል፤ ከዚያም ርዝመቱን ተከትሎ ማደጉን ሲቀጥል በእርሱና በተዘጋው የሲንኩ መክፈቻ መካከል ታስሮ የቀረውን ውሃ ይገፋዋል። ውሃ ተጨምቆ መጠኑ የሚያንስ ነገር አይደለምና በቤት ውስጥ በተለምዶ ከ3 እስከ 5 ባር የሚሆነው ግፊት በዚያች አጭር መስመር ውስጥ ብዙ እጥፍ አሻቅቦ ደካማ ቦታ ይፈልጋል። በእኔ ቤት ያ ደካማ ቦታ ሞቃቱ ሲንክ ሥር ነበር። ከበረዶው ወዲያ፣ በዋናው መስመር በኩል ያለው ውሃ ግን ወደ መጣበት መመለስ ስለሚችል ያን ያህል አይጨነቅም።

ይህን ከተረዳሁ በኋላ በየዓመቱ ከብርዱ በፊት የማደርገው ዝግጅት ሁሉ ተለወጠ። ለምሳሌ በከባድ ውርጭ ሌሊት መክፈቻውን በጥቂቱ ለቆ ውሃው እንዲንጠባጠብ ማድረግ የሚለው የቆየ ምክር ይሠራል፤ ነገር ግን ብዙዎች እንደሚያስረዱት የሚንቀሳቀስ ውሃ በረዶ ስለማይሠራ ብቻ አይደለም። ዋናው ጥቅሙ መስመሩ ቢደፈን እንኳ የታሰረው ውሃ መውጫ ማግኘቱ ነው፤ በረዶው ይሠራል፣ ግፊቱ ግን በመክፈቻው በኩል ይተነፍሳል። ስለዚህ የሚከፈተው የትኛውም መክፈቻ ሳይሆን ለብርድ በተጋለጠው መስመር ጫፍ ላይ ያለው ነው፤ መክፈቻው የሙቅና የቀዝቃዛ ለየብቻ ከሆነም ሁለቱም ይከፈታሉ። የሙቅ ውሃው መስመር ሌሊቱን ሳይነካ ሲያድር ልክ እንደ ቀዝቃዛው ይበርዳል፤ ስሙ አያድነውም።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ግን የዋናው ቫልቭ ቦታ ነው። ቧንቧ በረዶ በሠራበት ሰዓት ብዙውን ጊዜ ጠብታም አይታይም፤ ወደ ተሰነጠቀው ቦታ የሚወስደውን መስመር በረዶው ራሱ ደፍኖት ይቆያል። ጎርፉ የሚመጣው ሲቀልጥ ነው። እኔም ጠዋት መክፈቻውን ከፍቼ ውሃ ሲጠፋ የአካባቢው መስመር የተቋረጠ መስሎኝ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ቀትር ላይ ስመለስ ከሲንኩ ሥር ያለው ቁም ሣጥን በር በውሃ ኃይል ተከፍቶ፣ የማእድ ቤቱ ወለል እስከ ቁርጭምጭሚት ደርሶ ነበር። ቫልቩ የት እንዳለ አውቅ ነበር፤ የማላውቀው ለዓመታት ማንም ሳይነካው ቆይቶ መዛጉንና እጀታው ንቅንቅ እንደማይል ነው። ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር በስልክ እየተነጋገርኩ፣ በመፍቻ እየታገልኩ ያሳለፍኳቸውን 20 ደቂቃዎች ወለሉ እስካሁን ያስታውሳል፤ ጣውላው በዚያ በኩል አሁንም ጉብ ብሏል።

ቀጥሎ የሚመጣው ነፋስ የሚገባበትን ቀዳዳ መፈለግ ነው፤ በእኔ እምነት ከማንኛውም ሌላ ሥራ የበለጠ ውጤት የሚያስገኘው ይህ ሲሆን፣ ትዕግሥት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ነፋስ ቧንቧን ከአየሩ የሙቀት መጠን በታች ሊያቀዘቅዘው አይችልም፤ ነገር ግን የያዘውን ሙቀት በፍጥነት እየገፈፈ ስለሚወስድ፣ ጸጥ ባለ አየር እስከ ንጋት ሊቆይ የሚችል ቧንቧ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በረዶ ይሠራል። ነፋስ የበዛበትን ቀን እመርጥና የእጅ ባትሪና አንድ የሚጨስ ዕጣን ይዤ በየሲንኩ ሥር፣ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ገመድ ግድግዳ በሚበሱባቸው ቦታዎች ሁሉ እንበረከካለሁ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ እናልፋለን፤ ድንገት ወደ ጎን ከተኛ ግን እዚያ ቀዳዳ አለ። ባለፈው ጊዜ ያገኘሁት ቀዳዳ አመልካች ጣቴን እንኳ የማያስገባ፣ አንድ ሰው ከዓመታት በፊት ገመድ ሊያሳልፍበት በስቶት ሳይደፍነው የተወው ነበር፤ ከእርሱ የሚመጣው ነፋስ ግን በቀጥታ መታጠፊያው ላይ ያርፍ ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ትንሽ ቀዳዳ ሲሊኮን፣ ሰፊውን ደግሞ የሚነፋ ፎም ይደፍነዋል። ባትሪውን የማልለየው ቀዳዳውን ለማየት ብቻ ሳይሆን በመጋጠሚያዎች ላይ የሚታየውን አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ለማየትም ነው፤ ግፊት ሲመጣ መጀመሪያ የሚለቀው እንደዚህ ያለው ቦታ ነውና።

ቧንቧን በፎም እጅጌ መጠቅለል ሁሉም የሚያውቀው ሥራ ነው፤ እኔም እሠራዋለሁ፤ ግን ከሚገባው በላይ ይታመንበታል። ፎሙ ሙቀት አይፈጥርም፤ ያለው ሙቀት ቶሎ እንዳያመልጥ ያዘገያል እንጂ። ድንጋይ በብርድ ልብስ ቢጠቀለል እንደማይሞቀው ሁሉ፣ ሙቀት በማይደርስበት ባዶ ጣሪያ ሥር የተዘረጋ ቧንቧም ብርዱ ከሰነበተ ፎሙን እንደለበሰ በረዶ ይሠራል። ከተጠቀለለ ደግሞ መታጠፊያዎቹና ቫልቮቹ ሳይቀሩ መሸፈን፣ መገጣጠሚያውም በቴፕ መታሰር አለበት፤ አብዛኛው ሰው ቀጥ ያለውን ሸፍኖ አስቸጋሪውን ማዕዘን ራቁቱን ይተወዋል። በግድግዳ ውስጥ ላለ ቧንቧ ሌላ ጥንቃቄ አለ፦ መከላከያው መግባት ያለበት በቧንቧውና በውጭው ግድግዳ መካከል ነው። በቧንቧውና በክፍሉ መካከል ከገባ ከክፍሉ የሚመጣውን ሙቀት ይከለክልና ቧንቧውን ለብርዱ አሳልፎ ይሰጠዋል። የእኔ ግድግዳ ሲከፈት የተገኘው ስሕተት ይኸው ነበር። በውርጭ ሌሊት የሲንኩን ቁም ሣጥን በሮች ከፍቶ ማደርም በዚሁ ምክንያት ይጠቅማል፤ በቤቱ ሕፃን ካለ በረኪናውንና ሳሙናውን አስቀድሞ ከዚያ ማንሣት ይገባል።

በኤሌክትሪክ የሚሞቅ የቧንቧ ገመድ ፎም ብቻውን በማይበቃበት ቦታ ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ሆኖም ተራው ዓይነት በራሱ ላይ ተደራርቦ ከተጠቀለለ ሊቃጠል ስለሚችል፣ ከምርቱ ጋር የሚመጣውን መመሪያ ሳያነቡ መግጠም አይገባም።

የግቢው የውሃ ጎማ ከመክፈቻው መነቀል አለበት። ውርጭ እንዲቋቋም ተብሎ የተሠራ መክፈቻ እንኳ ጎማ እንደተሰካበት ከተተወ ውሃው ስለማይወርድ ግድግዳው ውስጥ ይሰነጠቃል።

ለመሆኑ መጨነቅ የሚገባው ከስንት ዲግሪ ጀምሮ ነው? በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ምርምር ተቋም በተደረጉ ሙከራዎች፣ መከላከያ የሌላቸው ቧንቧዎች ሙቀት በማይደርስበት ጣሪያ ሥር ሲሆኑ በረዶ መሥራት የሚጀምሩት የውጭው አየር ከዜሮ በታች ወደ 7 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ነው። ነፋስ የሚያገኘው ቧንቧ ግን ይህን ያህል አይጠብቅም፤ እኔ ስለዚህ ትንበያው ከዜሮ በታች 4 ሲል መክፈቻዎቼን እለቃለሁ።

ቤቱ ለቀናት ሰው የማይኖርበት ከሆነ ማሞቂያውን ጨርሶ አለማጥፋት፣ ቢያንስ በ13 ዲግሪ ላይ መተው ይሻላል። ለወራት ከሆነ ግን የሚያስተማምነው መስመሩን ባዶ ማድረግ ብቻ ነው። በመጀመሪያ የቦይለሩ ኤሌክትሪክ ይጠፋል፣ ምክንያቱም ባዶ ጋን ውስጥ የበራ ማሞቂያ ወዲያው ይቃጠላል፤ ከዚያ ዋናው ቫልቭ ተዘግቶ ከሁሉ ከፍ ያለውና ከሁሉ ዝቅ ያለው መክፈቻ አብረው ይከፈታሉ፤ ከላይ አየር ሲገባ ከታች ውሃው ይወጣል። ቦይለሩም በራሱ ማፍሰሻ በኩል ባዶ ይደረጋል፣ የሽንት ቤቱም ማጠራቀሚያ ይለቀቃል። የሚረሳው በየሲንኩና በየመታጠቢያው ሥር በሚገኘው ሲፎን፣ ማለትም ሽታ እንዳይመለስ ውሃ በሚይዘው የታጠፈ የፍሳሽ ቧንቧ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ነው። እርሱን ማድረቅ ሽታ ያስገባል፤ ስለዚህ ለቤት ቧንቧ የተዘጋጀ፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል ያለበት ፀረ በረዶ ይጨመርበታል። ለመኪና የሚሸጠው ኤትሊን ግላይኮል መርዝ ስለሆነ ፈጽሞ አይገባበትም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቧንቧው በረዶ ከሠራ፣ መክፈቻውን ከፍቶ፣ በፀጉር ማድረቂያ ከመክፈቻው በኩል ጀምሮ ወደ በረዶው ማሞቅ ነው። ከመሀል ከተጀመረ የቀለጠው ውሃ በሁለት በረዶዎች መካከል ታስሮ ያው ግፊት ይመለሳል። እሳት ማስጠጋት ቤት ያቃጥላል። ሌላ ሰው ደግሞ ዋናው ቫልቭ አጠገብ ቢቆም መልካም ነው፤ መስመሩ ተሰንጥቆ ከሆነ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነውና።

ያ የዛገው ቫልቭ ተለውጧል፤ አዲሱን በየዓመቱ ከብርዱ በፊት አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ዘግቼ እከፍተዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ስዘጋው ከእጀታው ሥር አንዲት ጠብታ ብቅ አለች። እጀታውን ከብቦ የያዘውን ነት ሩብ ዙር አጠበቅኩት፤ በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ ሥሩ ወረቀት አነጠፍኩ። ዛሬ ጠዋት ሳየው ወረቀቱ ደረቅ ነበር።